ችግሩ ፖሊሲው ነው ወይስ አስተዳደሩ? ቦነሱንስ አሁን እንጀምረው?

የአንባቢው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ወደ 200 ገደማ ሠራተኞች ባሉት የማሸጊያ ካርቶን ፋብሪካ የምርት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ካይዘንም (በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ የማሻሻል የጃፓን አሠራር) ሞክረናል፣ ቢኤስሲም (የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ሥርዓት) አስገብተናል፣ ሥልጠናም ወስደናል። ሰሌዳው ግድግዳው ላይ አለ፤ ምርቱ ግን ፈቀቅ አላለም። ሥራ አስኪያጃችን “ቀረጥ ይቀያየራል፣ ጥሬ ዕቃ በሰዓቱ አይገባም፣ መብራት ይጠፋል፤ ፖሊሲው ካልተስተካከለ እኛ የምናመጣው ለውጥ የለም” ይላሉ። እኔ ደግሞ የችግሩ ግማሽ የራሳችን ይመስለኛል። አሁን የቀረበው ሐሳብ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ባመረተው ብዛት ልክ ቦነስ መስጠት ነው። ማንኛችን ነን ትክክል? ቦነሱንስ እንጀምረው?»

ቦነሱን አሁን አይጀምሩት። ምክንያቱን ወደ ታች አስረዳለሁ። በቅድሚያ ግን ከሥራ አስኪያጅዎ ጋር የያዛችሁት ክርክር ከመነሻው መስተካከል አለበት። «ፖሊሲ ነው ወይስ አስተዳደር?» ሲባል አንዱ ጥፋተኛ ከሆነ ሌላው ነፃ የሚወጣ ይመስላል። በተግባር እንዲህ ተለያይተው አይገኙም። ፖሊሲ ፋብሪካው ወለል ላይ የሚደርሰው በአስተዳደር በኩል አልፎ ነው። ያው የቀረጥ ለውጥ አንዱን ፋብሪካ ያዘጋዋል፤ ሌላውን ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ያውከዋል። አስተዳደርም ቢሆን ከፖሊሲ ውጭ አይበቅልም። አንዳንድ ሕግና ገበያ ጥሩ አስተዳዳሪን ያሳድጋል፤ አንዳንዱ ደግሞ መጥፎውን ዕድሜ ልኩን ያኖረዋል።

በአንድ ዓይነት ፖሊሲ ሥር ያሉ ድርጅቶች ምን ያህል እንደሚለያዩ እንይ። ቻድ ሲቨርሰን የተባለ የኢኮኖሚ ተመራማሪ በአሜሪካ አንድ ዓይነት ምርት የሚያመርቱ ፋብሪካዎችን በምርታማነት ደረጃ አሰልፎ አነጻጽሯል። ከመቶ ፋብሪካዎች ከላይ አሥረኛው፣ ከታች አሥረኛ ከሆነው ጋር ሲወዳደር፣ በያው የሰው ኃይል፣ በያው ማሽንና ጥሬ ዕቃ ሁለት እጥፍ ገደማ ያመርታል። ግብሩ አንድ ነው፣ ሕጉም አንድ ነው። ሥራ አስኪያጅዎ እዚህ ላይ ቆም ብለው ቢያስቡ ደስ ይለኛል። ፖሊሲ ብቻውን ውጤትን የሚወስን ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ልዩነት ባልታየ ነበር።

ይሁንና ታሪኩ እዚህ አያበቃም፤ ቀጣዩ ክፍል ለእሳቸው ያደላል። ቻንግ ታይ ሺዬ እና ፒተር ክሌኖው በ2009 እ.ኤ.አ. (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባወጡት ጥናት ተመሳሳይ ስሌት ለቻይናና ለህንድ ሠሩ። እዚያ በላይኛውና በታችኛው ፋብሪካ መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ ከአምስት እጥፍ ይበልጣል። ለምን ይህን ያህል ሰፋ? አንደኛ፣ ደካማው ድርጅት ከገበያ አይወጣም። ቀረጥ ይከልለዋል፣ ብድር በዝምድና ይደርሰዋል፣ ወይም መንግሥት ይደጉመዋል። ሁለተኛ፣ ጎበዙ ድርጅት እንደልቡ አያድግም። መሬት፣ ብድርና ፈቃድ በጉብዝና ስለማይሰጡ ባለበት ይቆያል። ሁለቱ ተመራማሪዎች ካፒታልና የሰው ኃይል በአሜሪካ ደረጃ ወደ ጎበዞቹ ቢፈስ የቻይና የማምረቻ ዘርፍ ምርታማነት ከ30 እስከ 50 በመቶ፣ የህንድ ደግሞ ከ40 እስከ 60 በመቶ እንደሚጨምር ገምተዋል። የመጥፎ ፖሊሲ ትልቁ ጉዳት ይሄ ይመስለኛል። ከሁሉም ድርጅት እኩል እኩል አይቀንስም። ሰነፉን በሕይወት ያኖራል፣ ትጉሁን ያጫጫል።

ፖሊሲ ብቻውን ተአምር የሚመስል ለውጥ ያመጣበትም ጊዜ አለ። በ1978 መጨረሻ በቻይና አንሁይ ክፍለ ሀገር፣ ሺያኦጋንግ በምትባል መንደር 18 ቤተሰቦች የጋራውን መሬት በድብቅ ተከፋፈሉ። ለመንግሥት የተመደበባቸውን ኮታ ካስረከቡ በኋላ የተረፈው የየራሳቸው እንዲሆን ተስማሙ። አሠራሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአገሪቱ ፖሊሲ ሆነ። ጀስቲን ሊን በ1992 ባሳተመው ጥናት ከ1978 እስከ 1984 ከታየው የእርሻ ምርት ዕድገት ግማሽ ያህሉን ያመጣው ይህ ለውጥ ነው ብሏል። ገበሬዎቹ ያው ናቸው፣ መሬቱም ያው ነው። ግን ልብ ይበሉ፤ ለውጡ ውጤት ያመጣው ነገ ማለዳ ምን እንደሚሠራ የሚወስነውን ሰው ስለቀየረ ነው። ቀድሞ የሚወስነው የጋራ እርሻው ቡድን መሪ ነበር፤ አሁን ገበሬው ራሱ ሆነ። ፖሊሲው የአስተዳደር ለውጥ አስከትሏል። ወረቀት ላይ የቀረ ቢሆን ኖሮ አንድ ኩንታል እንኳ አይጨምርም ነበር።

እንግዲህ ወደ እርስዎ ዓይነት ፋብሪካ እንምጣ። በዚህ ዘርፍ ካየኋቸው ጥናቶች ሁሉ አብልጬ የማምነው በህንድ ሙምባይ አካባቢ በ17 የጨርቃ ጨርቅ ድርጅቶች ላይ የተሠራውን ሙከራ ነው። ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ ውጤቱን በ2013 አሳተሙት። ድርጅቶቹን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ለሁሉም ለአንድ ወር የአማካሪ ምርመራ ተደረገላቸው። ለአንደኛው ወገን ግን አማካሪዎቹ ተጨማሪ አራት ወር ቆይተው አሠራሩን አብረው ተከሉ። አዲስ ማሽን አልተገዛም። የተሠራው ለጆሮ ተራ የሚመስል ሥራ ነው። መጋዘን ውስጥ የተከመረው ክር በዓይነቱ ተለየ፣ ተቆጠረ። ማሽን ለምን እንደቆመ መመዝገብ ተጀመረ። የተበላሸ ጨርቅ በየትኛው ማሽንና በምን ዓይነት ስህተት እንደተበላሸ መለየት ተጀመረ። ኃላፊዎች በየዕለቱ ተገናኝተው መዝገቡን ማየት ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት ምርታማነት 17 በመቶ ጨመረ። የሁለቱም ወገን ፋብሪካዎች የነበሩት በአንድ አካባቢ፣ በአንድ ሕግ ሥር ነበር።

ታዲያ ባለቤቶቹ ቀድሞ ለምን አልሠሩትም? ተመራማሪዎቹ ይህን ጠይቀዋል። አንዳንዱ ስለ አሠራሩ ሰምቶ አያውቅም። አብዛኛው ግን ሰምቷል፤ ለእኔ አያስፈልገኝም ብሎ ነው የተወው። ጥራታችን ከጎረቤት ፋብሪካ አያንስም፣ ስለዚህ ደህና ነን ይሉ ነበር። ፉክክር ሲጠብ የሚመጣው ጉዳት እዚህ ላይ ይታያል። ጎረቤትህ ከአንተ ካልበለጠ፣ ከውጭ የሚገባውም በቀረጥ ከታገደ፣ ብክነትህ አያሳፍርህም። እንዲያውም አይታይህም።

ከዚያ ሙከራ የወጣ ሌላ ግኝት አለ። ከሁሉ የሚገርመኝም እሱ ነው። የእነዚያን ድርጅቶች ስፋት ከአስተዳደር ጥራት በላይ የሚተነብየው የባለቤቱ ቤተሰብ ውስጥ ያሉ ወንዶች ቁጥር ነበር። ባለቤቶቹ ከቤተሰብ ውጭ ለሆነ ሰው ኃላፊነት መስጠት ይፈራሉ። ሥራ አስኪያጁ ቢሰርቅ ፍርድ ቤት ፈጥኖ አይፈርድላቸውማ። ስለዚህ ወንድምና ልጅ ባለበት ልክ ብቻ ፋብሪካ ይከፍታሉ። የፍርድ ቤት መጓተት የፍትሕ ሚኒስቴር ጉዳይ ይመስላል። እዚህ ግን አንድ ፎርማን ማሽን የማቆም ሥልጣን ይኑረው አይኑረው እስከሚለው ድረስ ወርዷል። ፖሊሲ በአስተዳደር በኩል ያልፋል ያልኩት ይህን ይዤ ነው።

ሥራ አስኪያጅዎ ግን አስተዳደራችን ደህና ነው ብለው ከልባቸው ሊያምኑ ይችላሉ። በዚህ አልፈርድባቸውም። ብሉም፣ ጆን ቫን ሪነንና ሌሎች ከ2002 ጀምሮ በብዙ አገሮች የድርጅቶችን አስተዳደር ሲመዝኑ ቆይተዋል። ለ18 አሠራሮች ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣሉ። ተጠያቂው ሥራ አስኪያጅ ነጥብ እየተሰጠው እንደሆነ አያውቅም፤ ጠያቂውም ስለ ድርጅቱ ትርፍ አያውቅም። በቃለ መጠይቁ መጨረሻ ሥራ አስኪያጁ የራሱን ድርጅት እንዲመዝን ይጠየቃል። ሰዎች ለራሳቸው የሰጡት ነጥብ ከድርጅታቸው እውነተኛ ውጤት ጋር የሚገናኝ ሆኖ አልተገኘም። ጥሩውም መጥፎውም ራሱን ከመካከለኛ በላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ ማን ትክክል ነው የሚለውን በስብሰባ ጠረጴዛ ዙሪያ አትፈቱትም። እርስዎም ግማሹ የእኛ ነው ያሉት በግምት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስጠነቅቃለሁ። እነዚህ ተመራማሪዎች በአገሮች መካከል ካለው የምርታማነት ልዩነት ወደ 30 በመቶ የሚሆነው ከአስተዳደር ጋር እንደሚያያዝ ገምተዋል። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ሆኖም የሚያሳየው ዝምድናን ነው፣ መንስኤን አይደለም። ጥሩ አስተዳደር ያለበት ቦታ የተማረ ሰውና ጥሩ ገበያም አብረው ሊገኙ ይችላሉ። የህንዱ ሙከራ መንስኤን አሳይቷል፤ የተሠራው ግን በጥቂት ድርጅቶችና በውድ አማካሪ ነው። ማንም መጥቶ 17 በመቶ አመጣልሃለሁ ቢልዎ አይመኑት።

አሁን ካይዘኑ ለምን እንደከሸፈ። ጥያቄዎ ውስጥ «ሰሌዳው ግድግዳው ላይ አለ» የሚለው ሐረግ ብዙ ነገር ነገረኝ። ሰሌዳው አለ፤ ማን እንደሚያነበው ግን አልነገሩኝም። ካይዘን ሞክረናል ከሚሉ ድርጅቶች በብዙዎቹ የተተከለው የካይዘን ዕቃ ነው፤ ሥራው አልተጀመረም። ቢኤስሲም የባሰ ዕጣ ይገጥመዋል። ሮበርት ካፕላንና ዴቪድ ኖርተን በ1992 ሲያቀርቡት ከገንዘብ ቁጥር በተጨማሪ ደንበኛን፣ የውስጥ ሥራንና መማርን አብሮ ለማየት ነበር። በየቢሮው የገባው ግን በአብዛኛው በየሩብ ዓመቱ የሚሞላ ቅጽ ሆኖ ነው። ሰው ለራሱ ነጥብ ይሞላል፣ አለቃው ይፈርማል፣ ፋይል ይገባል። እንዲህ ያለው የይስሙላ ምዘና ምንም ካለመመዘን ይብሳል፤ ሰውን ቁጥር ማስመሰል ያስለምደዋልና።

በሚገባ የተተከለ አሠራርም ያረጃል። የህንዱን ሙከራ የሠሩት ሰዎች ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላ ተመልሰው ፋብሪካዎቹን አይተዋል። አማካሪዎቹ ከተከሏቸው አሠራሮች ግማሽ ያህሉ ተትተው ነበር። ዋና ምክንያት ሆነው የተገኙት የፋብሪካ ኃላፊዎች መቀያየርና የባለቤቶቹ ጊዜ ማጣት ናቸው። ያም ሆኖ የአራት ወሩን እገዛ ካላገኙት ፋብሪካዎች አሁንም የተሻሉ ነበሩ። እርስዎ ፋብሪካ ውስጥም ካይዘኑን ያስገባው ሰው ዛሬ እዚያው እንዳለ ይጠይቁ። ሄዶ ከሆነ አብሮት ሄዷል ማለት ነው። ሥልጠናውንም እንዲሁ ይመርምሩት። በ2017 በቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ በ1,500 ጥቃቅን ነጋዴዎች ላይ የተሠራ ሙከራ ውጤቱ ታትሟል። የሒሳብ አያያዝና የግብይት ሥልጠና የወሰዱት ትርፋቸው ከምር ጨመረ ለማለት አልተቻለም። በራስ ተነሳሽነት ችግር ፈልጎ መፍታትን የተለማመዱት ግን ትርፋቸው 30 በመቶ ጨምሯል። ሥልጠና ወስደናል ማለት ብቻውን ምንም አይናገርም። ሠልጣኙ ሰኞ ጠዋት ምን ለውጦ ሠራ? የሚጠየቀው እሱ ነው።

ሠራተኞቻችን ሰነፎች ናቸው፣ ባህሉ አይፈቅድም የሚል ሰው ደግሞ አይጠፋም። ለዚህ የፍሪሞንት ፋብሪካን ታሪክ ማንሳት እወዳለሁ። ጄኔራል ሞተርስ በካሊፎርኒያ ፍሪሞንት የነበረውን የመኪና ፋብሪካ በ1982 ዘጋው። ከሥራ መቅረት፣ አድማና የጥራት ጉድለት የበዛበት ቦታ ነበር። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና ኑሚ በሚል ስም ተከፈተ። የተቀጠሩት በአብዛኛው የድሮዎቹ ሠራተኞች ናቸው፤ የሠራተኛ ማኅበሩም ያው ነው። የተለወጠው አሠራሩ ነበር። ችግር ያየ ማንኛውም ሠራተኛ ገመድ ስቦ መስመሩን ማስቆም ይችላል፤ የቡድን መሪው እየሮጠ መጥቶ ያግዘዋል። ቀድሞ መስመር ማቆም ከሥራ የሚያስባርር ጥፋት ነበር። ከአምስት ሠራተኞች አንዱ ይቀርበት የነበረው ፋብሪካ ቀሪው ወደ ጥቂት በመቶ ወረደ፤ ጥራቱም ከኩባንያው ፋብሪካዎች ምርጥ ከሚባሉት ተርታ ገባ። ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ይዘልለዋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሽያጭ ሲቀዘቅዝ ኑሚ ሠራተኛ አልቀነሰም። ትርፍ የሆኑትን ወደ ሥልጠናና ወደ ማሻሻያ ሥራ ነው የመደባቸው። ሠራተኛው ሐሳብ ባመጣ ቁጥር የራሱን እንጀራ እየዘጋ እንዳልሆነ በዓይኑ አየ። ይህ ዋስትና በሌለበት ቦታ የሐሳብ መስጫ ሳጥን ባዶውን ቢቀመጥ ሊገርምዎ አይገባም።

ወደ ቦነሱ ልምጣ። ለየሰው በብዛት ልክ መክፈል ራሱ መጥፎ ሐሳብ አይደለም። በትክክለኛው ቦታ በጣም ይሠራል። ኤድዋርድ ላዚር ሴፍላይት የተባለውን የአሜሪካ የመኪና መስታወት ገጣሚ ኩባንያ አጥንቷል። ኩባንያው በ1990ዎቹ አጋማሽ ከሰዓት ክፍያ ወደ ብዛት ክፍያ ሲቀየር የአንድ ሠራተኛ ምርት በአማካይ 44 በመቶ ጨመረ። ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉ የመጣው ያው ሰው በርትቶ ስለሠራ ነው። ከቀሪው የተወሰነው ጎበዞች ይበልጥ እየተቀጠሩ፣ ምናልባትም ሳይለቁ እየቆዩ ስለሄዱ ነው። ግን የሥራውን ጠባይ ይመልከቱ። አንድ ሰው ብቻውን አንድ መስታወት ይገጥማል። ከተበላሸ የማን ሥራ እንደሆነ ይታወቃል፤ ያበላሸው ሰው ያለ ክፍያ እንደገና ይሠራዋል። ብዛትም ጥራትም በአንድ ሰው ስም ይመዘገባሉ።

የካርቶን ፋብሪካ እንዲህ አይደለም። ማተሚያው ላይ ያለው ሰው የሚያመርተው ኮሩጌተሩ (ወረቀቱን ወደ ካርቶን ሉህ የሚቀይረው ማሽን) በሰጠው ሉህ ልክ ነው። ሉህ ተጣምሞ ከመጣ ማተሚያው ይቆማል፤ ቁጥሩ የሚወርደው ግን የማተሚያው ሠራተኛ ነው። ትልቅ ትዕዛዝ የደረሰው ፈረቃ ቀኑን ሙሉ ሳይቆም ይሠራል። አምስት ትናንሽ ትዕዛዝ የደረሰው ግማሽ ቀኑን ማሽን ሲቀይር ይውላል። በብዛት ብቻ ከከፈሉ ምን እንደሚሆን ከወዲሁ ልንገርዎ። ቅባት የሚቀባበት፣ ቢላ የሚቀየርበት ጊዜ ይዘለላል። በደንብ ያልተጣበቀ ካርቶን ከደህናው ጋር ታስሮ ይጫናል። ትልቁን ትዕዛዝ ለመያዝ ፈረቃ ከፈረቃ ይጣላል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ መዝገቡ ይበላሻል፤ ያለ እውነተኛ መዝገብ ምንም ማሻሻል አይቻልም።

ይህ ስጋት በሐሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። የአሜሪካው ዌልስ ፋርጎ ባንክ ለአንድ ደንበኛ ስምንት ዓይነት አገልግሎት መሸጥ የሚል ግብ ይዞ ሠራተኞቹን በየዕለቱ ያስጨንቅ ነበር። ሠራተኛው ግቡን መታ፤ ደንበኛው በማያውቀው ሒሳብ። በ2016 ጉዳዩ ሲወጣ ያለ ደንበኛ ፈቃድ ተከፍተዋል ተብለው የተጠረጠሩት ሒሳቦች ወደ 2 ሚሊዮን ይጠጉ ነበር። ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፣ 5,300 ያህል ሠራተኞችን አሰናበተ። የእንግሊዙ ኢኮኖሚስት ቻርልስ ጉድሃርት ገና በ1975 ያስተዋለው ነው፤ አንድን ቁጥር መቆጣጠሪያ ስታደርገው ቀድሞ የሚነግርህን እውነት መንገሩን ይተዋል። በመንግሥት ሥራም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ኢምራን ራሱልና ዳንኤል ሮገር በናይጄሪያ ከ4,700 በላይ የመንግሥት ፕሮጀክቶችን መርምረዋል። ሙያተኛው ራሱ የመወሰን ነፃነት ባለው መሥሪያ ቤት ፕሮጀክቶች ይበልጥ ይጠናቀቃሉ። ማትጊያና ክትትል በጠበቀበት ደግሞ ያንሳሉ። ይህም ዝምድና ነው፤ ነገር ግን ቁጥጥር ሲጨምር ውጤት ይጨምራል የሚለውን ድፍን እምነት ያናጋል።

ምክሬ ይህ ነው። አንድ መስመር ይምረጡ፣ ሁሉንም አይንኩ። ለ12 ሳምንታት ሦስት ነገር ብቻ ይመዝገብ፤ ማሽኑ የቆመበት ደቂቃ ከነምክንያቱ፣ የባከነ ወረቀት በኪሎ፣ ከአንድ ትዕዛዝ ወደ ሌላው ለመቀየር የፈጀው ጊዜ። መዝጋቢው ማሽኑ ላይ ያለው ሰው ይሁን፤ ቢሮ ያለ ጸሐፊ ማታ ላይ አስታውሶ የሚሞላው አይሠራም። በፈረቃ ቅያሪ ላይ የሚወጣውና የሚገባው ቡድን አሥር ደቂቃ ቆመው ይዩት። ከዚያ ስብሰባ በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ ይውጣ፤ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ። የጥገናው ሰው በቦታው ይገኝ፤ እሱ ከሌለ ወሬ ብቻ ይሆናል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ራሳቸው ወርደው ይቁሙ። ይህን መለመን ካለብዎት ይለምኑ። እሳቸው ካልመጡ ሰሌዳው እንደ ድሮው ሰሌዳ ይሆናል።

የቆመበትን ምክንያት ሲመዘግቡ በሁለት ክፈሉት፤ ከግቢ ውጭ የመጣና ከግቢ ውስጥ የመጣ። መብራት፣ የጥሬ ዕቃ መዘግየት፣ ጉምሩክ ከውጭ ናቸው። ብልሽት፣ ቅያሪ፣ የትዕዛዝ ወረቀት እስኪመጣ መጠበቅ፣ የተበላሸ ሉህ ከውስጥ ናቸው። ክርክራችሁ የሚፈታው በዚህ መዝገብ ነው። የውጭውንም በጥንቃቄ ይዩት። መብራት ለ20 ደቂቃ ጠፍቶ መስመሩ ለመነሳት 50 ደቂቃ ከፈጀበት፣ የውጭው 20ው ነው፤ 30ው የእናንተ ነው። ወረቀት ዘገየ የሚባለውም ትዕዛዙ መጋዘኑ ሊያልቅ ሲል ብቻ የተላከ ከሆነ የእናንተው ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቁጥሩ ይብሳል። አይደንግጡ፤ ቀድሞ የማይመዘገብ ነገር መመዝገብ ስለጀመረ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ በመዝገቡ ሰበብ ማንም አይቀጣ፣ ደመወዝም አይቆረጥ። አንድ ሰው ከተቀጣ ሁሉም በማግስቱ «መብራት ጠፋ» ብሎ መጻፍ ይጀምራል። ሁለተኛው ጥንቃቄ፣ በማሻሻያ ሰበብ ማንም ከሥራ እንደማይወጣ ሥራ አስኪያጁ በግልጽ፣ በሠራተኛው ፊት ይናገሩ። ቃሉን መጠበቅ የማይችሉ ከሆነ ደግሞ አይናገሩ። ሦስተኛ፣ ይህን ሥራ የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው ከአሁኑ ያዘጋጁ። እርስዎ ነገ ቢለቁ አብሮዎት እንዳይሄድ።

ከ12 ሳምንታት በኋላ መዝገቡን ይዛችሁ ተቀመጡ። ከቆመው ጊዜ አብዛኛው በእውነት ከውጭ የመጣ ከሆነ ሥራ አስኪያጅዎ ትክክል ናቸው። ያኔ ጉልበታችሁ ወደ መጠባበቂያ ክምችት፣ ወደ ጄኔሬተር፣ የምርት ዕቅዱን ከመብራቱ ሰዓት ጋር ወደ ማስማማት ይሂድ። መዝገቡንም ለዘርፉ ማኅበር ይስጡት። አምስትና ስድስት ፋብሪካዎች የቆሙበትን ሰዓትና የከሰሩትን ገንዘብ በአንድ ሰነድ ሲያቀርቡ የፖሊሲ አውጪው ጆሮ ይከፈታል፤ ባዶ እሮሮ ግን ለዓመታት ሲሰማ ኖሯል። አብዛኛው ከውስጥ ከሆነ ደግሞ ያንኑ አሠራር ወደ ሁለተኛው መስመር ውሰዱት። የውስጡን ካስተካከላችሁም በኋላ ጣሪያ እንዳለ አትርሱ። ቀረጥ በየሦስት ወሩ የሚቀያየርበት ቦታ የትኛውም ጎበዝ ኃላፊ የአምስት ዓመት የማሽን ኢንቨስትመንት በድፍረት አይወስንም። ይህን ፎርማንም ሆነ ካይዘን አይፈታውም።

ቦነሱ ከዚህ በኋላ ይምጣ። ለየሰው አይሁን፤ ለመስመሩ ሙሉ ቡድን ይሁን፣ የጥገና ሰዎችን ጨምሮ። የሚለካው ደንበኛ ተቀብሎ ያልመለሰው ካርቶን ከባከነው ወረቀት ጋር ተመዝኖ ነው። መጠኑ ሰው ደስ ብሎት የሚቀበለው፣ ቢቀር ግን ቤቱ የማይናጋበት ይሁን። ለስድስት ወር ብቻ ተብሎ ይጀመር፤ ማብቂያ ቀኑ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይቀመጥ። የሰጡትን ቦነስ በኋላ መንጠቅ ከጅምሩ ካለመስጠት ይልቅ ሰውን ያስከፋል። ሥራ አስኪያጅዎ ለ12 ሳምንታት መጠበቅ አልችልም ካሉ፣ ቢያንስ የደንበኛ ተመላሽና የብክነት መዝገብ ለአንድ ሙሉ ወር ተይዞ ሳይታይ የቦነሱን ደብዳቤ አይፈርሙ።